የሰው ጠባይ ከዘር ነው ወይስ ከአስተዳደግ?

ባለፈው ጥር ወር የትምህርት ቤታችን የክርክር ማኅበር «የሰውን ጠባይ የሚወስነው ዘር ነው ወይስ አስተዳደግ?» የሚል ርእስ አቅርቦ ነበር። እኔም ለአስተዳደግ ከቆሙት ሦስት ተማሪዎች አንዱ ነበርሁ። ተቃራኒዎቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» በሚለው ተረት ጀመሩ፤ እኛም «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለን መለስንላቸው። (ከአህያ ጋር ስለ ዋለችው ጊደር የሚነገረውንም አንሥተን ነበር፤ ነገር ግን ወላጆች በሚያነቡት መጽሔት ላይ ሙሉውን መጻፍ የሚገባ አይመስለኝም።) አዳራሹ ሳቀ፤ ተጨበጨበ፤ ዳኞቹም ለእኛ ፈረዱ።

በዚያው ቀን ግን አንድ ነገር ሆነ። ከተቃራኒዎቻችን አንዱ ንግግሩን ለማሣመር ሲል «የሰካራም ልጅ ሰካራም ነው፤ ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም» አለና ወደ ተመልካቹ ዞር ብሎ አየ። ማንን እንዳሰበ ሁሉም ዐወቀ። ሳቅ ሆነ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ተራዬ በደረሰ ጊዜም «የሚያሰክረው ዘሩ አይደለም፤ ያደገበት ቤት ነው» ብዬ መለስሁ፤ በዚህም ብዙ ጭብጨባ አገኘሁ። ያ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ክርክሩ ሳያልቅ ወጥቶ ሄደ። ቆይቼ ሳስበው እነርሱ በደሙ ፈረዱበት፤ እኔ ደግሞ በቤቱ ፈረድሁበት። ከሁለቱም ፍርድ የሚያመልጥበት በር አልተውንለትም።

በማግሥቱ የሥነ ሕይወት መምህራችን አስጠሩኝና «ትናንት አሸነፍህ አሉ። እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፤ ዛሬ ጧት የበላኸው እንጀራ ስንት እጁ ከጤፉ፣ ስንት እጁ ከምጣዱ ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ይህ ጽሑፍ ለጥያቄያቸው መልስ ስፈልግ ያገኘሁት ነው።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ላስታውቅ። እዚህ ላይ «ዘር» ስል ጎሣን ወይም ብሔረሰብን ማለቴ አይደለም፤ ልጅ ከእናትና ከአባቱ በሥጋ የሚወርሰውን ማለቴ ነው። ደግሞም በውጭ አገር ስለ ተደረጉ ምርምሮች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውነታችን ከተሠራባቸው ሕዋሳት በአብዛኞቹ ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች ይገኛሉ፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የመጡ ናቸው። እያንዳንዱ ክሮሞሶም ዲኤንኤ የሚባል እጅግ ቀጭንና ረጅም ፈትል ሲሆን፣ በዚህ ፈትል ላይ እንደ ጽሕፈት ተቀምጠው የሚገኙት ትእዛዞች ጂን ይባላሉ። ፕሮቲን ለማሠራት የሚያገለግሉት ጂኖች በሰው ዘንድ ወደ 20,000 ይጠጋሉ። በክርክራችን ቀን ከስድስታችን አንዳችንም ያላሰብነው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ጂን የሚያዘው ፕሮቲን እንዲሠራ እንጂ ጠባይ እንዲሠራ አይደለም። የስካር ጂን፣ የስርቆት ጂን፣ የትጋት ጂን የሚባል ነገር የለም። ከፕሮቲን እስከ ጠባይ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ መንገዱም በጉበትና በአንጎል ብቻ ሳይሆን በወጥ ቤት፣ በሰፈርና በገበያም ያልፋል።

ክርክሩ የተበላሸው በስካር ነገር ስለ ሆነ ምሳሌዬንም ከዚያው ልውሰድ።

ሰው ጠላ ወይም አረቄ ሲጠጣ ጉበቱ አልኮሉን በሁለት እርምጃ ያፈርሰዋል። በመጀመሪያው እርምጃ አልኮሉ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዛም ነገር ይለወጣል። በሁለተኛው እርምጃ ይህ መርዝ ወደማይጎዳ ነገር ይለወጣል። ሁለተኛውን እርምጃ የሚያከናውነው አንድ ፕሮቲን ነው፤ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ደግሞ በጃፓን፣ በቻይናና በኮሪያ በብዙ ሰዎች ዘንድ ከሌላው የተለየ ሆኖ ይገኛል፤ ፕሮቲኑም ሥራውን በደንብ መሥራት ያቅተዋል። እንዲህ ያለው ሰው ገና አንድ ብርጭቆ እንደ ጠጣ መርዙ በሰውነቱ ስለሚጠራቀም ፊቱ ይቀላል፤ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ያቅለሸልሸዋል። ጂኑን ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ እንደ ሆነ መጠጥ ጨርሶ አይስማማውም፤ ሰካራም ሆኖ መገኘቱም እጅግ ብርቅ ነው። ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰውም በጠቅላላው ከሌላው ሰው ያነሰ ይጠጣል። እንግዲህ አንድ ጂን ጠባይን ሲነካ በዓይን የሚታይበት ምሳሌ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ተቃራኒዎቻችን ይህን ቢያውቁ ኖሮ እኛን ድል ለማድረግ ይበቃቸው ነበር።

ነገር ግን ታሪኩ እዚህ ላይ አያበቃም። የጃፓን ተመራማሪዎች በአልኮል ሱስ ከተያዙ ሕሙማን መካከል ይህን ጂን ከአንዱ ወላጅ የወረሱት ስንት እንደ ሆኑ በተለያየ ዘመን ቈጠሩ። በ1979 ከ100 ሕሙማን 2.5 ብቻ ነበሩ፤ በ1986 ወደ 8 ከፍ አሉ፤ በ1992 ደግሞ 13 ደረሱ። በ13 ዓመት ውስጥ የአንድ ሕዝብ ዘር አይለወጥም፤ ጂኑም ያው ጂን፣ የፊቱ መቅላትም ያው መቅላት ነው። የተለወጠው ኑሮው ነው። መጠጥ በገበያ ረከሰ፤ ከሥራ በኋላ ከአለቃና ከባልደረባ ጋር ሄዶ መጠጣት እንደ ወግ ተቈጠረ፤ «አይ፣ አይስማማኝም» ማለት ከባድ ሆነ። ሰውነቱ «ተው» እያለው ማኅበሩ «ጠጣ» ሲለው ብዙ ሰው ማኅበሩን ሰማ።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ ከአገራችን ማሰብ አያስቸግርም። መጠጥ ከቶ በማይገባበት ቤትና መንደር የተወለደ ልጅ ለስካር የሚያዘነብል ውርስ ቢኖረውም እንኳ ውርሱ ሳይታወቅ አብሮት ይኖራል፤ አብሮትም ይሞታል።

«የሰካራም ልጅ ሰካራም ነው» የሚለውን አባባል በቁጥር የመረመሩት ሊቃውንትም አሉ። ዶናልድ ጉድዊን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ከዴንማርክ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1973 ያሳተመው ጥናት የታወቀ ነው። ያጠኑት ከተወለዱ በ6 ሳምንት ውስጥ ከወላጆቻቸው ተለይተው በሌላ ቤት፣ በማደጎ ያደጉትን ወንዶች ነበር። ከእነርሱ 55ቱ ከወላጆቻቸው አንዱ በመጠጥ ሱስ የታመመባቸው ሲሆኑ፣ 78ቱ ግን እንዲህ ያለ ወላጅ ያልነበራቸው ናቸው። ልጆቹ አድገው በተመረመሩ ጊዜ በሱስ ተይዘው የተገኙት ከፊተኞቹ 18 በመቶ፣ ከኋለኞቹ 5 በመቶ ሆኑ። ሰካራሙን ወላጅ ሳያዩት፣ ድምፁን ሳይሰሙት አደጉ፤ ነገር ግን አደጋው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። «ዘር ምንም አይደለም፤ ቤቱ ነው» ብዬ የጮኽሁት እኔ እዚህ ላይ ድል ሆንሁ፤ ለዳኞቹም መንገር ይገባኛል።

ተቃራኒዬም ቢሆን ከድሉ አይካፈልም። 18 በመቶ ማለት ከ55ቱ 10ሩ ናቸው። 45ቱ የሱስ ሕሙማን አልነበሩም። «የሰካራም ልጅ ሰካራም ነው» ከማለት ይልቅ «የሰካራም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሰካራም አይደለም፤ ከሌላው ሰው ይልቅ ግን መጠንቀቅ ይገባዋል» ማለት ከእውነቱ ይስማማል። እርግጥ ይህ ለጭብጨባ አይመችም።

አሁን ወደ መምህራችን ጥያቄ ልመለስ። ሊቃውንት መንትዮችን ያጠናሉ። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ጂናቸው አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ ከሁለት እንቁላል የተገኙት ግን እንደ ማንኛውም ወንድማማች ወይም እኅትማማች በአማካይ በግማሹ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ዓይነቶች ከየመንትያቸው ጋር በአንድ ቤት ስለሚያድጉ፣ የፊተኞቹ ከኋለኞቹ ምን ያህል አብልጠው እንደሚመሳሰሉ አይቶ የዘርን ድርሻ መገመት ይቻላል። ይህን ዘዴ ፍራንሲስ ጋልተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1875 ገና በጥሬው አስቦት ነበር። በዚህ መንገድ የአልኮል ሱስ «ግማሽ ያህሉ ከዘር ነው» ተብሎ ተገምቷል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ «እንግዲህ እኩል ለእኩል ወጣን» ብዬ ደስ አለኝ። መምህራችን ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ግማሽ» የሚለውን ቃል አልተረዳኸውም አሉኝ።

እንዲህ አድርገው አስረዱኝ። አሥር እናቶች ከአንድ ጆንያ ጤፍ ተካፍለው በየቤታቸው ቢጋግሩ፣ ከእንጀራ እንጀራ የሚታየው ልዩነት ሁሉ ከምጣዱ፣ ከእርሾው፣ ከእሳቱና ከእጃቸው የመጣ ነው፤ ጤፉ አንድ ስለ ሆነ ለልዩነቱ ያዋጣው ነገር የለም። አንዲት ባለሙያ ደግሞ በአንድ ምጣድና በአንድ ዓይነት እሳት አሥር ልዩ ልዩ ጤፍ ብትጋግር ልዩነቱ ሁሉ ከጤፉ ነው። ነገር ግን በፊተኛውም ሆነ በኋለኛው ጊዜ ጤፉም ምጣዱም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ከጐደለ እንጀራ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ስለ አንድ እንጀራ «ስንት እጁ ከጤፉ ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ መጠየቅ የሚቻለው በእንጀራዎቹ መካከል ስላለው ልዩነት ብቻ ነው። «ግማሹ ከዘር ነው» ሲባልም በብዙ ሰዎች መካከል፣ በአንድ አገርና በአንድ ዘመን ከሚታየው ልዩነት ግማሹ ማለት ነው። ስለ አንድ ሰው፣ በሦስተኛው ረድፍ ስለ ተቀመጠው ልጅ፣ የሚነግረን ነገር የለም።

ከዚህም አንድ የሚያስገርም ነገር ይከተላል። ምጣዱ ለሁሉም እኩል ሲሆን ልዩነቱ ወደ ጤፉ ይሄዳል፤ የሁሉም ቤት ትምህርትና ምግብ እየተስተካከለ በሄደ መጠን በሰዎች መካከል በሚቀረው ልዩነት ላይ የዘር ድርሻ ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም። ምጣዱ የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ ማኛውም ሰርገኛውም እኩል ይበላሻሉ። ይህን የመሰለ ነገር በሰው ላይ ታይቷል። ኤሪክ ተርክሃይመርና ባልደረቦቹ በ2003 የ7 ዓመት አሜሪካውያን መንትዮችን የአእምሮ ፈተና ውጤት መርምረው፣ በሀብታም ቤት ባደጉት መካከል ልዩነቱ በአብዛኛው ከጂን፣ በድሃ ቤት ባደጉት መካከል ግን በአብዛኛው ከቤቱ ኑሮ ሆኖ አገኙት። በ2016 ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው በተመረመሩ ጊዜ ይህ ነገር በአሜሪካ ሲታይ በምዕራብ አውሮፓና በአውስትራሊያ ግን አልታየም። ምክንያቱ በእነዚያ አገሮች ሕክምናና ትምህርት ለድሃውም በተሻለ ሁኔታ ስለሚዳረስ ይሆናል ተብሎ ይገመታል። እኔ ግን ይህን ሳነብ ያሰብሁት ሌላ ነው፤ በራብ ወደ ክፍል የሚመጣ ተማሪ ውርሱ ምን እንደ ሆነ ማን ያውቃል? ገና ምጣዱ አልሰማም።

«ከዘር ነው» ማለት «አይለወጥም» ማለት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ስለዚህ የአንድ በሽታ ታሪክ ላውጋ። በ1934 አንዲት ኖርዌጃዊት እናት አእምሮአቸው ክፉኛ የተጐዳባትን ሁለት ልጆቿን አስቢዮርን ፎሊንግ ወደሚባል ሐኪም አመጣች። ሴትዮዋ ብዙ ሐኪሞች ዘንድ የተመላለሰች ስትሆን የልጆቿ ሽታ ለምን እንግዳ እንደ ሆነ ሳትታክት ትጠይቅ ነበር። ፎሊንግም የልጆቹን ሽንት በመረመረ ጊዜ ሊኖር የማይገባ ነገር አገኘበት፤ ከዚህም የተነሣ ዛሬ ፒኬዩ የሚባለው በሽታ ታወቀ። በሽታው ልጁ ከአባትም ከእናትም በሚወርሰው ጉድለት ያለበት ጂን ይመጣል። በሥጋ፣ በወተት፣ በእንቁላልና በጥራጥሬ ውስጥ የሚገኘውን ፌኒልአላኒን የተባለ ነገር የሚያፈርሰው ፕሮቲን ስለማይሠራ፣ ይህ ነገር በደም ውስጥ ተጠራቅሞ የሕፃኑን አንጎል ያበላሻል።

ከዚህ የበለጠ «የዘር» የሚባል በሽታ የለም። ሆኖም በ1953 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ሆርስት ቢክል የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ፌኒልአላኒኑ የተቀነሰለት ምግብ ለታመመች ሕፃን ሰጥተው መሻሻሏን አስታወቁ። በ1960ዎቹ ደግሞ ሮበርት ጋትሪ የሚባለው አሜሪካዊ ከሕፃን ተረከዝ በሚወሰድ ጥቂት የደም ጠብታ በሽታውን ለይቶ የሚያሳውቅ ዘዴ አወጣ። በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ የተመረመረና ምግቡ የተስተካከለለት ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ተምሮ ያድጋል። ጂኑ እስከ ዕለተ ሞቱ አይለወጥም፤ የተለወጠው ሳህኑ ነው። ይህ በሽታ ከጂኑ ነው ወይስ ከምግቡ? ጂኑ ባይኖር ምግቡ አይጎዳም ነበር፤ ምግቡ ባይኖር ጂኑ አይጎዳም ነበር። ዳኞቻችን ለየትኛው ወገን ይፈርዱ ይሆን?

የዚህ ተገላቢጦሽ በራሳችን አገር አለ። በደጋው ብዙ ስፍራ አፈሩ በዝናብ ስለ ታጠበ አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ በዚህም ምክንያት እንቅርት ይወጣል። አዮዲን የጐደላት እናት ስታረግዝ የፅንሱ አንጎል ሊጎዳ፣ ልጁም በትምህርት ሊደክም ይችላል። አያት እንቅርት፣ እናት እንቅርት፣ ልጅ ደግሞ ደካማ ሆኖ በአንድ ቤት ሲታይ «የዘራቸው ነው» ለማለት የማይቸኩል ማን ነው? የወረሱት ግን ደም ሳይሆን መሬት ነበር። መድኃኒቱም በጨው ላይ የሚጨመር እጅግ ጥቂት አዮዲን ነው፤ በ2011 በአገራችን ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ ወጥቷል።

ዘርና አካባቢ ሁልጊዜ ተለያይተው የሚቆሙም አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል። ከተፈጥሮው ወሬ የሚወድ ልጅ ሰው ያናግረዋል፤ ስለ ተናገረም አንደበቱ ይፈታል፤ አንደበቱ ስለ ተፈታም የክርክር ማኅበር አባል ያደርጉታል፤ እዚያም ሄዶ የጓደኛውን ገበና ለጭብጨባ ይሸጣል። (የማንን ታሪክ እንደምናገር የክፍሌ ተማሪዎች ያውቃሉ።) እንደዚሁም ከሕፃንነቱ ቁጡ የሆነ ልጅ ከሌሎቹ ይልቅ ይገረፋል፤ ግርፋቱም ይበልጥ ቁጡ ያደርገዋል። የትኛው መጀመሪያ፣ የትኛው መጨረሻ እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል።

ለአንድ ጠባይ አንድ ጂን አገኘን የሚለውን ወሬም በጥንቃቄ መስማት ይገባል። በ2003 አንድ የታወቀ ጥናት፣ የተለየ ዓይነት ጂን ያለው ሰው መከራ ሲደርስበት ከሌላው ይልቅ በከባድ ኀዘን በሽታ እንደሚያዝ አስታውቆ ነበር፤ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠቀሰ። በ2019 በብዙ አሥር ሺህና በመቶ ሺህ በሚቈጠሩ ሰዎች ላይ በተፈተነ ጊዜ ግን አልጸናም። በጠባይ ላይ አንድ ጂን ለብቻው ያን ያህል የሚሠራው ከስንት አንዴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሺህ ጂኖች ጥቂት በጥቂት ያዋጣሉ።

ችኩል ፍርድ ምን እንደሚያደርስ ደግሞ ታሪክ አሳይቷል። ጀርመን አገር በሐምሌ 1933 የናዚ መንግሥት፣ «በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለባቸው» የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ የሚያመክን ሕግ አወጣ። በሕጉ ከተዘረዘሩት መካከል ከባድ የአልኮል ሱስ ይገኝ ነበር። በዚህ ሕግ የተነሣ 400,000 ያህል ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው መክነዋል። «የሰካራም ልጅ ሰካራም ነው» የሚለው አባባል በእኛ አዳራሽ ሳቅ ነበር፤ እዚያ ግን ሐኪምና ዳኛ ተቀምጠውበታል።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ከመስጠቴ በፊት ያንን ልጅ ፈልጌ አስነበብሁት፤ ካልፈቀደ እንደማላወጣውም ነገርሁት። ስለ ሳቅሁትና ስለ ተናገርሁትም ይቅርታ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ አነበበ። የዴንማርኩ ጥናት ላይ ሲደርስ «45» የሚለውን ቁጥር በእርሳስ አሰመረበት። ከዚያ ወረቀቱን መለሰልኝና «አባቴ እኮ እስከ አርባ ዓመቱ ድረስ ጠላ እንኳ አይቀምስም ነበር። መጠጣት የጀመረው ከሥራ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ቀን ከሁለታችሁም ወገን ይህን የጠየቀኝ የለም» አለኝ።

ይህንንም ልጻፈው ወይ አልሁት። ጻፈው አለኝ።